ለምጽና ማድያት፦ ቆዳ ቀለሙን ሲያጣና ሲያበዛ

 

ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ባሉት ፋርማሲዎች የምንሠራ ባለሙያዎች በየጊዜው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ የቆዳ ቀለምን የሚመለከት ነው። አንዱ በእጁ ጀርባ ላይ የወጣውን ነጭ ምልክት አሳይቶ «ቫይታሚን አንሶኝ ይሆን?» ይላል። ሌላዋ ጉንጯ ላይ ለወጣው ማድያት «ቶሎ የሚያጠፋ ክሬም ስጪኝ» ትላለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «አንቲኦክሲዳንት» የሚባለውን ቃል ይዞ የሚመጣው ሰው በርክቷል። ስሙን ከስልኩ ላይ ያሳየናል፤ ወይም ዘመድ ከዐረብ አገር የላከውን ብልቃጥ ከቦርሳው ያወጣል።

ጥያቄው መሠረት የሌለው አይደለም። ለምጽም ሆነ ማድያት በቆዳ ውስጥ ከሚፈጠር አንድ ዓይነት «ቃጠሎ» ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ሳይንስ አረጋግጧል። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ብዙ ቤተሰቦች ረዳት የሆነውን ነገር ዋና መድኃኒት አድርገው ይይዙና ገንዘባቸውንም፣ ከገንዘቡ ይበልጥ ደግሞ ጊዜያቸውን ያጣሉ። በዛሬው ዝግጅታችን ይህ ቃጠሎ ምን እንደሆነ፣ አንቲኦክሲዳንቶች የሚያደርጉትንና የማያደርጉትን እንዲሁም እናንተ በቤታችሁ ልታደርጉ የምትችሉትን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ በሽታውን ለዩ

በአማርኛችን «ለምጽ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አሳዝኗል። አንዳንዱ ለምጽን ከሥጋ ደዌ ጋር አንድ አድርጎ ያየዋል። በዐረብኛው ግን ሁለቱ የተለያየ ስም አላቸው፤ ለምጽ «በረስ»፣ ሥጋ ደዌ ደግሞ «ጁዛም» ይባላል። በሱረቱ አሊ ዒምራን ነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) በአላህ ፈቃድ ካዳኗቸው መካከል የተጠቀሰው በረስ ያለበት ሰው ነው። ስለ ጁዛም የሰማነውን ሁሉ ለበረስ ማድረግ እንግዲህ ከመጀመሪያውም ስህተት ነው።

ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመጨባበጥ፣ በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ሰፍ ጎን ለጎን በመስገድም ሆነ በትዳር አይጋባም። ምልክቱ እንደ ወተት የነጣ፣ ጠርዙ ጎልቶ የሚታይና የማያሳክክ ሲሆን ብዙ ጊዜ በዓይንና በአፍ ዙሪያ፣ በጣቶች፣ በክርንና በጉልበት ላይ ይወጣል። ከዓለም ሕዝብ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል። ከእነዚህ መካከል ግማሽ ያህሉ ምልክቱ የጀመራቸው 20 ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ ቦታው ደብዘዝ ይላል እንጂ እንደ ወተት አይነጣም። ዋናው መለያው ቆዳው መደንዘዙ፣ ሲነኩት አለመሰማቱ ነው። እርሱም ቢሆን በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት ፈጽሞ ይድናል። ቋቁቻ ደግሞ በፈንገስ የሚመጣ፣ ደረትና ጀርባ ላይ የሚበዛ፣ ሲፍቁት ቅርፊት የሚያወጣ ሲሆን በቀላል የፈንገስ መድኃኒት ይለቃል። ሦስቱም ለተመልካች ነጣ ያለ ቆዳ ናቸው፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ስለዚህ ምልክቱን በፋርማሲ መስኮት አሳይቶ መድኃኒት መግዛት ለሕመምተኛውም ለሻጩም አይበጅም።

ለዚህ ጉዳይ በከተማችን በሰፊው የሚታወቀው ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ ማንኛውንም የቆዳ ሕመም የሚያክም ሆስፒታል ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለተያያዘ «እዚያ ሰው ቢያየኝስ?» ብለው የሚፈሩ አሉ። እህቶችና ወንድሞች፣ እዚያ መታየት አያሳፍርም። የሚያስቆጨው ሊታከም የሚችለውን ጊዜ በፍርሃት ማሳለፍ ነው።

በቆዳ ውስጥ ያለው ቃጠሎ

የቆዳችንን ቀለም የሚሠሩት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ታይሮሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ወስደው፣ ታይሮሲኔዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ሜላኒን ወደሚባለው ቀለም ይለውጡታል። የተቆረጠ አቮካዶ አየር ሲያገኘው የሚጠቁረው የዚህ ኢንዛይም ዘመድ በሆነ ሌላ ኢንዛይም ነው። አቮካዶው ላይ ሎሚ ስንጨምቅበት የሚቆየው ደግሞ የሎሚው ኮምጣጣነት ኢንዛይሙን ስለሚያዳክመውና ቫይታሚን ሲው ኦክስጅኑን ስለሚቋቋም ነው። አንቲኦክሲዳንት ማለት በአጭሩ ይህን የመሰለ የኦክስጅን ጉዳትን የሚከላከል ነገር ነው።

ቀለም የመሥራቱ ሥራ በራሱ ጭስ እንዳለው ምድጃ ነው። በሥራው ሂደት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ሌሎች ኃይለኛ የኦክስጅን ውጤቶች ይፈጠራሉ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከፋርማሲ ተገዝቶ ቁስል የሚታጠብበት፣ ቁስሉ ላይ ሲፈስ አረፋ የሚደፍቀው ፈሳሽ ነው። አረፋው የሚመጣው በሰውነታችን ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ፈሳሹን ወደ ውኃና ኦክስጅን ስለሚሰብረው ነው። ጤነኛ ቆዳም በየደቂቃው ይህንኑ ያደርጋል፤ የሚፈጠረውን መርዛማ ነገር እየሰበረ ራሱን ያጸዳል። ማምረቱ ከማጽዳቱ ሲበልጥ «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» ተፈጠረ ይባላል።

በለምጽ ሕመምተኞች ቆዳ ውስጥ የካታሌዝ መጠን ዝቅ ብሎ መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ1991 ያመለከቱት ካሪን ሻልሮይተር የተባሉ የቆዳ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በቆዳው ውስጥ ተከማችቶ እንደሚገኝ አሳዩ። ሆኖም ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የተጎዳው ሜላኖሳይት የጭንቀት ምልክት ይልካል፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል ምልክቱን ተከትሎ ይመጣና ቀለም ሠሪውን ሴል ራሱን እንደ ጠላት ይገድለዋል። ስለዚህ ቃጠሎው እሳቱን ይለኩሳል እንጂ ቤቱን የሚያፈርሰው የመከላከያ ኃይሉ ነው። ከዚህም የተነሣ እሳት ማጥፊያ ብቻ መያዝ አይበቃም።

አንቲኦክሲዳንት ምን ሠራ?

እዚህ ላይ በጥናት የታየውን በግልጽ እንነጋገር። ካታሌዝን ተክቶ ይሠራል የተባለ «ሱዶካታሌዝ» የሚባል ክሬም ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከብርሃን ሕክምና ጋር ክሬሙን የተቀቡትንና መድኃኒት የሌለው ክሬም የተቀቡትን ሲያወዳድር ልዩነት አላገኘም።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 ከሮም የወጣ ጥናት አልፋ ሊፖይክ አሲድ፣ ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ኢን አንድ ላይ ከብርሃን ሕክምና ጋር የወሰዱት ብርሃኑን ብቻ ካገኙት የተሻለ ቀለም እንደመለሱ አሳይቷል። ልብ በሉ፣ በጥናቱ የተካፈሉት 28 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ጥሩ ውጤት ያመጣውም ክኒኑ ብቻውን ሳይሆን ከብርሃኑ ጋር ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሕንድ ውስጥ የተደረገ ሌላ አነስተኛ ጥናት ደግሞ የጊንጎ ቅጠል ክኒን ቀስ ብሎ የሚስፋፋ ለምጽን እንዲቆም እንደረዳ ዘግቧል። ነገር ግን ጊንጎ ደም የማቅጠን ባሕርይ ስላለው ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊነካው አይገባም።

«ጥቁር አዝሙድስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከኢራን የወጣ ጥናት 52 ሕመምተኞችን ወስዶ የጥቁር አዝሙድ ዘይትንና የዓሣ ዘይትን ለ6 ወራት በቆዳ ላይ በመቀባት አወዳድሯል። የጥቁር አዝሙዱ ውጤት የተሻለ ነበር። ደስ የሚያሰኝ ጅምር ቢሆንም አንድ ትንሽ ጥናት ነውና፣ ከሐኪሙ መድኃኒት ጎን የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም። ለመቀባት የምትፈልጉ መጀመሪያ በክንድ ላይ በትንሹ ሞክሩ፤ ቆዳው ከቀላ ወይም ካሳከከ ተዉት።

«ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» የሚለውም አስተሳሰብ መታረም ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በፊንላንድ ከ29 ሺህ በላይ በሚሆኑ አጫሽ ወንዶች ላይ የተደረገ ታላቅ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት የሳንባ ካንሰር ይቀንስላቸዋል ሲባል በ18 በመቶ ጨምሮባቸው ተገኘ። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ሲ ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል። ቫይታሚን ኤ በብዛት ሲወሰድ ደግሞ በማኅፀን ያለን ፅንስ ይጎዳል። ከጎመንና ከካሮት የሚገኘው ግን እንዲህ ያለ ስጋት የለውም።

ዋናው ሕክምና የትኛው ነው?

የለምጽ ዋና ሕክምና የመከላከያ ኃይሉን ጥቃት ማብረድና ቀለም ሠሪ ሴሎችን መቀስቀስ ነው። ለዚህም ሐኪሙ የስቴሮይድ ቅባት፣ ለፊትና ለስስ ቆዳ ደግሞ ታክሮሊመስ ሊያዝ ይችላል። ሰፋ ላለው ናሮውባንድ ዩቪቢ የተባለው የብርሃን ሕክምና በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ለወራት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሩክሶሊቲኒብ የተባለውን ክሬም ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕመምተኞች ፈቅዷል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው።

በብርሃን የመታከም ሐሳብ አዲስ አይደለም። በማላጋ አካባቢ ተወልዶ በደማስቆ ያረፈው የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዕፀዋት ሊቅ ኢብኑል በይጣር፣ የአንድ ዕፅ ዘር ወስዶ ፀሐይ መሞቅ ለበረስ እንደሚረዳ ጽፎ ነበር። በ1940ዎቹ የካይሮው ሐኪም ዐብዱል ሙንዒም አል ሙፍቲ ከዚያው ዘር በወጣ ንጥረ ነገር ሕመምተኞችን ማከም ጀመሩ። የዛሬው የብርሃን ሕክምናም ከዚህ መሠረት የተነሣ ነው። ይሁንና ዘሩን በቤት አዘጋጅቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላልና እንዳትሞክሩት።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ አትርሱ። አንደኛው ትዕግሥት ነው። ለውጥ ለማየት ቢያንስ 3 ወር ያስፈልጋል፤ ፊት ቶሎ ይመልሳል፣ የጣት ጫፍና ከንፈር ግን ያስቸግራሉ። ሁለተኛው ጊዜ ነው። በቦታው ላይ ያለው ፀጉር ከነጣ በኋላ ቀለሙን መመለስ በጣም ይከብዳል፤ ምክንያቱም አዲስ ቀለም ሠሪ ሴሎች የሚመጡት ከፀጉሩ ሥር ነው። አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ቅንድብ ላይ የወጣውን ነጭ ምልክት አንድ ዓመት ሙሉ በተላከላት ቫይታሚን ብቻ ስትጠባበቅ ቆይታ፣ ቅንድቡ ሲነጣ ነው ወደ ሐኪም የወሰደችው። ሰነፍ እናት ሆና አይደለም። ክኒኑን አንድ ቀን እንኳ አላስተጓጎለችም። የጠፋው ጊዜው ነው።

ከለምጽ ጋር የታይሮይድ ዕጢ ሕመም አብሮ ሊገኝ ስለሚችል የደም ምርመራውን ሐኪሙን ጠይቁት። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች የሄዳችሁም፣ ጤና ጣቢያችሁና ፋርማሲያችሁ ሲቀየር ሕክምናው እንዳይቋረጥ የሐኪም ካርዳችሁንና የመድኃኒቱን ባዶ ቱቦ ይዛችሁ ለአዲሱ ባለሙያ አሳዩ።

ማድያትና የሚያቀሉ ክሬሞች

ማድያት የለምጽ ተቃራኒ ነው፤ ቀለም ሠሪው ሴል ሞቶ ሳይሆን ከልክ በላይ ሠርቶ ነው የሚመጣው። የሚያባብሱት ፀሐይ፣ እርግዝና፣ የወሊድ መከላከያ ክኒንና የቤተሰብ ዝርያ ናቸው። እዚህም የፀሐይ ጨረር የሚፈጥረው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ድርሻ አለው። በእርግዝና የመጣው ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳልና ነፍሰ ጡር እናቶች በመድኃኒት አትጣደፉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በ16 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት የቫይታሚን ሲ ክሬም ማድያትን ቀንሷል። ከሃይድሮኪኖን ያነሰ ቢሠራም ቆዳን የማቃጠሉ ነገር በጣም ጥቂት ነበር። ያለ ፀሐይ መከላከያ ግን የትኛውም ክሬም አይዘልቅም።

ትልቁ አደጋ ያለው ስማቸው በትክክል ባልተጻፈ፣ «በሳምንት ያቀላል» በሚባሉ ክሬሞች ላይ ነው። በእንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶል የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ከመጠን ያለፈ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይዱ ሐኪም ለለምጽ የሚያዘው ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ያለ ቁጥጥር ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርና የደም ሥር ያወጣል፣ ሲቋረጥም ፊትን ያቃጥላል። ሃይድሮኪኖን ለዓመታት ሲቀባ ቆዳን ሰማያዊ ወደሆነ ጥቁረት እንደሚለውጥ ከደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ተዘግቧል።

ከሁሉም የሚያስተምረው የጃፓኑ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ካኔቦ የተባለው ኩባንያ ሮዶደንድሮል የሚባል ማቅያ ያለባቸውን ምርቶቹን ከገበያ ሰበሰበ፤ ከ18 ሺህ በላይ ተጠቃሚዎች ፊታቸውና እጃቸው ላይ ለምጽ የመሰለ ንጣት ወጥቶባቸው ነበር። ማቅያው በታይሮሲኔዝ ሲለወጥ በሴሉ ውስጥ ያንኑ የኦክስጅን ቃጠሎ አስነሥቶ ቀለም ሠሪውን ገደለው። ለመቅላት የተቀባው ክሬም ለምጽ አመጣ ማለት ነው።

ስለ ግሉታታዮን መርፌም አንድ ነገር ልበላችሁ። ግሉታታዮን በእርግጥ አንቲኦክሲዳንት ነው። ሆኖም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቆዳን ለማቅላት በመርፌ የሚሰጥ አንድም መድኃኒት አልፈቀደም። በየሳሎኑ በደም ሥር የሚወጋን ነገር ምንነቱን ሳታውቁ አትቀበሉ።

ከማዕዳችን

ርካሹና አስተማማኙ አንቲኦክሲዳንት በገበያችን አለ። ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሥር፣ ዘይቱና፣ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ብርቱካንና ቃሪያ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ለውዝና ሱፍ ቫይታሚን ኢ ይሰጣሉ። ቡናችንም ቢሆን ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አልተራቆተም። ጎመንን ለረጅም ሰዓት ቀቅላችሁ ውኃውን አትድፉት፤ ቫይታሚን ሲው ከውኃው ጋር ይሄዳል። ካሮትን ከትንሽ ዘይት ጋር አብስሉት፤ ሰውነት በተሻለ ይቀበለዋል። ምግብ ለምጽን ብቻውን አያድንም፤ ለመላው ሰውነት ግን ይበጃል።

ዉዱእ፣ ጾምና ሂና

ለምጽ በሚፋተግና በሚቆስል ቦታ ላይ የመውጣት ባሕርይ አለው። ስለዚህ በዉዱእ ጊዜ ፊታችሁንና እጃችሁን በዝግታ እጠቡ፤ ገላችሁን በሻካራ ነገር አትፈትጉ፤ የሚያጠብቅ ቀበቶና ሰዓት አስወግዱ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም በዉዱእ ስለሚለቅ ከሰላት በኋላ ድገሙት። ውኃ ወደ ቆዳ የሚከለክል ወፍራም ቅባት ከሆነ ስለ ዉዱኡ ዑለማዎችን ጠይቁ።

ብዙዎች በረመዳን ቅባታቸውን ያቆማሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ ባካሄደው ጉባኤ በቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ስለዚህ ቅባቱን አትተዉ፤ የሚዋጠውን ደግሞ በኢፍጣርና በሱሑር እንዴት እንደምትከፋፍሉት ፋርማሲያችሁን አማክሩ።

ለሰርግና ለዒድ የምትዘጋጁ እህቶች፣ «ጥቁር ሂና» ከሚባለው ራቁ። ንጹሕ ሂና ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ በፍጥነት ጥቁር የሚሆነው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ይህ ኬሚካል ቆዳን ያቆስላል፣ አንዳንዴም ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ንጹሑ ሂና ወይም እንሶስላችን ይበቃል።

ለቤተሰብ

በመጨረሻም ለወላጆች። ለምጽ ያለባትን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አትደብቋት፤ ከመድረሳም አታስቀሯት። ለጋብቻ የደረሱ ካሉ ከኒካሕ በፊት ጉዳዩ በግልጽ ይነገር፤ በሸሪዓ በኩል ያለውን ጥያቄ ዑለማዎች ይመልሱታል። በጤና በኩል ግን መልሱ ቀላል ነው፤ በሽታው አይጋባም፣ ከወላጅ ለምጽ ካለበት የሚወለዱ ልጆችም አብዛኞቹ አይዛቸውም። ለአንቲኦክሲዳንት ልታወጡት ያሰባችሁትን ገንዘብ በመጀመሪያ ለቆዳ ሐኪም ምርመራ አውሉት። ምልክቱ ገና ትንሽ ሳለ፣ ፀጉሩ ሳይነጣ፣ በዚህ ወር ሂዱ።

አላህ ለሁላችንም ዓፊያ ይስጠን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ በሰላም ቆዩ።